ከማዕድን ጕድጓድ እስከ ቤት ሽያጭ ውል

በጀርመን የሳክሶኒያ ግዛትና በቦሔሚያ መካከል የሚዘረጋው ኤርትስገቢርገ የተባለው ሰንሰለታማ ተራራ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ብር ስለ ተገኘበት፣ ከየአገሩ ሀብት ፈላጊ የሚጎርፍበት፣ ሽኔበርግና ዮአኪምስታል የተባሉት ከተሞችም በጥቂት ዘመን ውስጥ ተቈርቍረው በሕዝብ የተሞሉበት ስፍራ ሆነ። (በዚህ ትረካ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ብሩ መሳፍንቱን አበለጸገ፤ ከምድር ሆድ ቈፍረው የሚያወጡት ሰዎች ግን ገና በጎልማሳነታቸው ደረታቸው እየጠበበ፣ ትንፋሻቸው እየተቈራረጠ፣ ሰውነታቸውም እየመነመነ ወደ መቃብር ይወርዱ ነበር። የአገሩ ሕዝብ ይህን ሕማም የተራራ ደዌ ብሎ ሰየመው፤ አንዳንዱ ምክንያቱ የጕድጓዱ ትቢያ ነው ሲል፣ ሌላው ከምድር በታች የሚኖሩ ርኩሳን መናፍስት ናቸው ይል ነበር እንጂ እውነተኛውን ምክንያት ያወቀ አልነበረም።

በ1527 ዓ.ም. የዮአኪምስታል ከተማ ሐኪም ሆኖ የተሾመው ጌኦርጊዮስ አግሪኮላ ይህን መከራ በቅርብ የተመለከተ ሊቅ ነበረ። ካረፈ በኋላ በ1556 ዓ.ም. በላቲን ቋንቋ ታትሞ በወጣው፣ ስለ ማዕድን ሥራ በጻፈው ታላቅ መጽሐፉ፣ በካርፓቲያ ተራሮች ባሎቻቸውን ይህ ደዌ እየነጠቃቸው እስከ ሰባት ጊዜ ያገቡ ሴቶች እንደሚገኙ መስክሯል። አግሪኮላ የደዌውን ሥር ባያውቅም፣ የታመቀ አየር ያለበት ጕድጓድ ሰውን እንደሚገድል ስላስተዋለ፣ ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ የሚነዱ ወናፎችንና የሚሽከረከሩ ማራገቢያዎችን፣ አሠራራቸውን በሥዕል ጭምር እያስረዳ ጽፎአል። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ለመኖሪያ ቤቶች የተገኘው መድኃኒት በመሠረቱ ከዚህ ከጥንቱ ሐኪም ምክር ብዙ የማይርቅ መሆኑን ወደ ፊት እናያለን።

በ1789 ዓ.ም. ማርቲን ክላፕሮት የተባለው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ፣ ብር ፈላጊዎች ዋጋ እንደሌለው ድንጋይ ሲጥሉት ከኖሩት ጥቁር ማዕድን ውስጥ ዩራኒየምን አገኘ። ዘጠና ዓመት ቈይቶ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ ሄርቲንግና ሄሰ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የሽኔበርግን ሟቾች አስከሬን መርምረው፣ የተራራው ደዌ በሳንባ ውስጥ የሚያድግ ክፉ ዕጢ መሆኑንና ከማዕድን ቈፋሪዎቹ ሞት ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል በእርሱ የሚመጣ መሆኑን ገለጡ። ደዌው ካንሰር መሆኑ ታወቀ፤ አምጪው ግን ገና በምሥጢር ተሸሽጎ ነበር።

ምሥጢሩ መገለጥ የጀመረው በማዕድኑ ጕድጓድ ሳይሆን በሊቃውንት የምርምር ክፍል ነው። በ1896 ዓ.ም. አንሪ ቤክሬል ዩራኒየም ከገዛ ባሕርዩ የሚፈልቅ ስውር ጨረር እንዳለው በፓሪስ ገለጠ፤ በ1898 ዓ.ም. ማሪ ኩሪና ባለቤቷ ፒየር ከዮአኪምስታል የመጣውን ያንኑ ጥቁር ማዕድን እያሟሙና እያጣሩ ራዲየምን አገኙ፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ፍሪድሪኽ ኤርንስት ዶርን የተባለው የጀርመን የፊዚክስ ሊቅ ከራዲየም ውስጥ ሳያቋርጥ የሚወጣ፣ እርሱም ራሱ ጨረር ያለው አንድ ረቂቅ ጋዝ መኖሩን አስተዋለ። ራዶን ተብሎ የሚጠራው ይህ ጋዝ ነው። ራዶን ለዓይን አይታይም፣ ለአፍንጫ አይሸትም፣ ለምላስም ጣዕም የለውም። በአለትና በአፈር ውስጥ ከሚገኘው ዩራኒየም ተራ በተራ ከሚወለዱት ንጥረ ነገሮች መካከል እንደ አየር የሚነፍሰው እርሱ ስለ ሆነ፣ ከተወለደበት ድንጋይ ወጥቶ በምድር ስንጥቅ ሾልኮ ወደ ላይ ይመጣል፤ ዕድሜውም አጭር ሆኖ፣ ከማንኛውም መጠን እኩሌታው በ3.8 ቀን ውስጥ ፈርሶ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል።

ጋዙ ከታወቀም በኋላ ጕዳቱ ወዲያው አልታመነበትም፤ እንዲያውም ጨረር ፈዋሽ ነው የሚለው ተስፋ በዓለም ነግሦ ስለ ነበረ፣ በ1906 ዓ.ም. በዚያው በዮአኪምስታል ከማዕድኑ የሚፈልቀውን ራዶን ያለበት ውኃ ለሕሙማን መታጠቢያ የሚያደርግ ፍል ውኃ ቤት ተከፈተ። በ1920ዎቹ ዓመታት የጀርመን ሊቃውንት በሽኔበርግ ጕድጓዶች ያለውን የራዶን ብዛት በመሣሪያ ለክተው ከቈፋሪዎቹ ካንሰር ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ቢያመለክቱም፣ ብዙዎች ሐኪሞች ጋዙ ወደ ሳንባ ገብቶ ወዲያው ተመልሶ ስለሚወጣ ያን ያህል ሊጐዳ አይችልም እያሉ ተከራከሩ። ክርክሩን የፈታው በ1951 ዓ.ም. ዊልያም ቤል የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። እርሱ እንዳስረዳው፣ ዋናው ገዳይ ጋዙ ራሱ ሳይሆን ከጋዙ መፍረስ የሚወለዱት የፖሎኒየም፣ የእርሳስና የቢዝመት ደቂቅ ቅንጣቶች ናቸው፤ ጠጣር በመሆናቸው በአየር ላይ ካለው ትቢያ ጋር ተጣብቀው ይገባሉ፣ በሳንባ ቧንቧዎች ላይ ይቀመጣሉ፣ በዚያም ሆነው አልፋ የተባለውን ጨረር እያመነጩ ሕዋሳቱን ያቈስላሉ።

ይህ ዕውቀት በተገኘበት ዓመት በምዕራብ አሜሪካ በኮሎራዶ አምባ ለአቶም ቦምብ የሚሆን ዩራኒየም በጥድፊያ ይቈፈር ነበር፤ ከቈፋሪዎቹም ብዙዎቹ የናቫሆ ሕዝብ ተወላጆች ነበሩ። የመንግሥቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የእነዚህን ሰዎች ጤና መከታተል ቢጀምርም፣ ስለሚተነፍሱት አየር አደገኛነት አልተነገራቸውም። ማስተንፈሻ በመትከል ብቻ አብዛኛው አደጋ ሊወገድ ሲችል ዓመታት በክርክር አለፉ፤ የቈፋሪዎቹን አየር የሚመለከት አስገዳጅ የፌዴራል ደንብ የወጣው በ1967 ዓ.ም.፣ የሥራ ሚኒስትሩ ዊላርድ ዊርትዝ በሥልጣኑ ሲያዝ ነው። ኮንግረሱ ይቅርታ የጠየቀበትንና ለተጐዱት ቈፋሪዎች 100,000 ዶላር ካሣ የወሰነበትን ሕግ ያወጣው ደግሞ በ1990 ዓ.ም. ነው። ዕውቀት በሊቃውንት እጅ ሆኖ ሳለ፣ በሚያስፈልገው ሰው ዘንድ ሳይደርስ የቀረባቸው እነዚያ ዓመታት ስንት መበለቶችንና ስንት የሙት ልጆችን ትተው እንዳለፉ ማሰብ ኅሊናን ያደማል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የማዕድን ቈፋሪዎች ብቻ ጕዳይ ይመስል ነበር። ነገር ግን በ1956 ዓ.ም. ቤንግት ሑልትክቪስት የተባለው ስዊድናዊ ሊቅ በአገሩ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ያለውን ራዶን ለክቶ፣ ዩራኒየም ካለበት ጥቁር ድንጋይ በተሠራ የግንብ ጡብ የታነጹት ቤቶች ከሌሎቹ የበዛ ጋዝ እንደያዙ አሳተመ። በአሜሪካም በኮሎራዶ በግራንድ ጃንክሽን ከተማ ከዩራኒየም ወፍጮ የተረፈውን አሸዋ ግንበኞች በነጻ እየወሰዱ በቤት መሠረት ሥር ሲደለድሉት ኖረው፣ ጕዳቱ ሲታወቅ መንግሥት በ1972 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ያን አሸዋ እያስቈፈረ ማስወጣት ጀመረ። ያም ሆኖ አደጋው የሰው እጅ ባመጣው ድንጋይና አሸዋ ላይ ብቻ የተወሰነ መሰለ፤ ባልተነካ ምድር ላይ የተሠራ ተራ ቤት ራሱ ከማዕድን ጕድጓድ ሊከፋ ይችላል ብሎ የገመተ ጥቂት ነበር።

ይህን ግምት ያፈረሰው ነገር የተፈጸመው በፔንሲልቬኒያ ግዛት ነው። በ1984 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር፣ በፖትስታውን ከተማ አጠገብ ይሠራ በነበረው በሊመሪክ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ፣ ሠራተኞች ከሥራ ሲወጡ በሰውነታቸው ላይ ጨረር ያለበት ትቢያ እንዳይኖር የሚፈትሽ መሣሪያ በበሩ ላይ ተተክሎ ነበር። ስታንሊ ዋትራስ የተባለው መሐንዲስ በመሣሪያው ባለፈ ቍጥር የማስጠንቀቂያው ደወል ይጮኽ ጀመር። ሰዎቹ ምክንያቱን ቢፈልጉ አላገኙም፤ ማመንጫው ገና ሥራ ያልጀመረ ስለ ነበረ ጨረሩ ከዚያ ሊመጣ አይችልም። በመጨረሻ ዋትራስ ጠዋት ከቤቱ እንደ መጣ፣ ወደ ሥራው ሳይገባ በፊት፣ በዚያው መሣሪያ ቢያልፍ ደወሉ ጮኸ፤ በዚህም ጨረሩን ከቤቱ ይዞት እንደሚመጣ ታወቀ።

በቦየርታውን አካባቢ የሚገኘው የዋትራስ ቤት ሲለካ፣ በአንድ ሊትር አየር ውስጥ 2,700 ፒኮኩሪ ያህል ራዶን ተገኘበት። ይህን አኀዝ በቀላል አነጋገር ብንገልጸው፣ በቤቱ ባለው በእያንዳንዱ ሊትር አየር ውስጥ በየደቂቃው ወደ 6,000 የሚጠጉ የራዶን አቶሞች ይፈርሱ ነበር ማለት ነው። የግዛቱ ባለሥልጣኖች ቤተሰቡ ቤቱን ቶሎ እንዲለቅ መከሩ፤ ዋትራስም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወጣ። የኃይል ማመንጫው ባለቤት ኩባንያ በቤቱ ላይ ጥናትና ጥገና አስደርጎ፣ ከወለሉ በታች ያለው አየር በቧንቧ ወደ ውጭ እንዲወጣ ከተደረገ በኋላ የጋዙ መጠን እጅግ ስለ ወረደ፣ ቤተሰቡ በዚያው ዓመት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ዜናው በተሰማ ጊዜ የግዛቱ ሠራተኞች በአካባቢው ቤት ለቤት እየዞሩ መለካት ጀመሩ፤ አደጋውም ከሬዲንግ ከተማ ተነሥቶ ኒው ጀርሲንና ኒው ዮርክን አቋርጦ የሚያልፈውን፣ ዩራኒየም የሚበዛበትን የጥንት አለት የተከተለ ሆኖ ተገኘ። ሆኖም አለቱን መከተል ብቻ በቂ አለመሆኑ ቶሎ ታወቀ፤ ጎን ለጎን ከተሠሩት ሁለት ቤቶች አንዱ እጅግ የበዛ ራዶን ሲይዝ ሁለተኛው ከአደጋ ነጻ ሊሆን ይችላልና። ምክንያቱም ቤት ራሱ ከምድር አየር የሚስብ በመሆኑ ነው፤ በክረምት የሞቀው አየር ወደ ጣራ ሲወጣ፣ በምድር ቤቱ ያለው ግፊት ከአፈሩ ግፊት ያንሳል፣ በዚህም የተነሣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ጋዝ በወለሉ ስንጥቅና ቧንቧዎች በሚያልፉበት ቀዳዳ እየተጠባ ይገባል። የስንጥቁ ብዛት፣ የአፈሩ ልልነት፣ የቤቱ መታፈን ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ የራስን ቤት ከመለካት በቀር የሚያስተማምን መንገድ የለም።

በ1986 ዓ.ም. የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ለሕዝብ የሚሆን የመጀመሪያ መመሪያ አወጣ፤ በዚህም በአንድ ሊትር አየር 4 ፒኮኩሪ ወይም ከዚያ በላይ የተገኘበት ቤት እንዲታረም መከረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1988 ዓ.ም.፣ ይኸው ድርጅትና የአገሩ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም በአንድነት ሆነው አብዛኞቹ መኖሪያ ቤቶች እንዲመረመሩ ለሕዝብ አሳሰቡ፤ በቀጣዩ ወርም ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙበት ሕግ፣ የቤት ውስጥ አየር በራዶን ረገድ እንደ ውጭው አየር ንጹሕ እንዲሆን የአገሩ የሩቅ ግብ አድርጎ ደነገገ። በዚያ ሰሞን ሕዝቡ ወደ መደብር እየሮጠ በከሰል የተሞላውን ትንሽ የመመርመሪያ ቈርቈሮ ገዛ፤ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን ትጋቱ በረደ። የማይታይና የማይሸት ነገር፣ ያውም ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገድል፣ በየዕለቱ ከሚገጥመው ጭንቀት ጋር ሲወዳደር በሰው ልቡና ውስጥ ቦታ አያገኝም።

ነገሩን ከመረሳት ያዳነው የቤት ሽያጭ ነው። በቤቱ ተደላድሎ የሚኖር ሰው ምርመራውን ለነገ ቢያሳድር የሚወቅሰው የለም፤ ቤት የሚገዛ ሰው ግን የዕድሜ ልክ ዕዳ ከመፈረሙ በፊት ጣራውን፣ መሠረቱን፣ የውኃ ቧንቧውን ማስመርመሩ ልማድ ስለ ሆነ፣ የሚተነፍሰውንም አየር በዚሁ መካከል ለማስመርመር ይቀለዋል። ደግሞም ጕድለት ቢገኝ፣ ሻጩ ሽያጩን መፈጸም ይፈልጋልና፣ የጥገናውን ዋጋ ማን ይክፈል የሚለው በውሉ ላይ ሊወሰን ይችላል። ኒው ጀርሲ ገና በ1986 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ የቤት ምርመራ ውጤት በምሥጢር እንዲጠበቅ ስታዝ፣ ለገዢው ግን ውል በሚፈርምበት ጊዜ እንዲሰጠው ደነገገች። በ1993 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ለቤት ገዢዎችና ሻጮች ብቻ የተዘጋጀ መመሪያ አሳተመ፤ በዚህም ምክንያት የራዶን ምርመራ ገዢው፣ ሻጩና ደላላው የሚነጋገሩበት የውል ጕዳይ እየሆነ ሄደ።

ገንዘብ በመካከል ሲገባ ግን ፈተናም አብሮ ገባ። መስኮት ከፍቶ ማደር ወይም መሣሪያውን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር የውጤቱን አኀዝ ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ገዢው እንዳይታለል ሥርዐት ማበጀት አስፈለገ። ስለዚህ ምርመራው ቢያንስ 48 ሰዓት እንዲቈይ፣ ከመጀመሩ 12 ሰዓት በፊት ጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ መስኮቶችና የውጭ በሮች ሁሉ ከመግቢያና መውጫ ጊዜ በቀር እንዲዘጉ፣ መሣሪያው ሰው ሊኖርበት በሚችለው ዝቅተኛ ፎቅ፣ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከኩሽናና ከመታጠቢያ ክፍል ርቆ እንዲቀመጥ ተወሰነ። በከሰል የሚደረገው ምርመራ ሁለት መሣሪያ ጎን ለጎን ተቀምጦ ውጤታቸው በአማካይ እንዲወሰድ ተደረገ፤ በየሰዓቱ የሚመዘግበው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ደግሞ መስኮት የተከፈተበትን ሰዓት በመጠኑ ድንገተኛ መውረድ ያጋልጣል። ከ4 ፒኮኩሪ በላይ የተገኘበትን ቤት ለማረም፣ ከወለሉ በታች ቧንቧ ተተክሎ፣ ሌሊትና ቀን በሚሠራ ማራገቢያ ጋዙ ወደ ቤት ሳይገባ ከጣራ በላይ እንዲወጣ ይደረጋል፤ አግሪኮላ ለጕድጓድ የመከረው ማራገቢያ እነሆ ለመኖሪያ ቤት ደረሰ።

በዚህ መካከል ሊቃውንቱ የቤት ራዶን በእርግጥ ይገድላልን የሚለውን ጥያቄ በትዕግሥት ሲመረምሩ ቈይተው ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የሊቃውንት ምክር ቤት በ1999 ዓ.ም. ባሳተመው ታላቅ ጥናት ላይ ተመሥርቶ፣ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ በየዓመቱ 21,000 ያህል ሰው ከራዶን በሚመጣ የሳንባ ካንሰር እንደሚሞት ገመተ፤ ከእነዚህም 2,900 ያህሉ ትንባሆ አጭሰው የማያውቁ ናቸው። በ2005 ዓ.ም. በአውሮፓ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች በአንድነት ሲመዘኑ፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ራዶን፣ ቤኬሬል በተባለው የጨረር መለኪያ በ100 በጨመረ ቍጥር በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድል በ16 በመቶ እንደሚጨምር ታየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ 100 ቤኬሬልን ወሰን አድርገው እንዲይዙ መንግሥታትን መከረ፤ የአሜሪካው 4 ፒኮኩሪ በዚህ መለኪያ 148 ቤኬሬል ነው። በዚህም ከጥንቱ ሽኔበርግ የተጀመረው ጥያቄ በሰው ቤት ውስጥ መልሱን አገኘ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ እኛን በቅርብ ይመለከተናል። ከዋሽንግተን ከተማ ጋር የሚዋሰነው በሜሪላንድ የሚገኘው የሞንትጎመሪ አውራጃ፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቤት ሲሸጥ ከሽያጩ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የራዶን ምርመራ እንዲደረግበትና ውጤቱ ለገዢውም ለሻጩም እንዲሰጥ ደነገገ። በዚህ አውራጃ የምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሜሪካ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን እጅግ ብዙዎቹ የተሰባሰቡባት ናት። በዚያ ቤት የሚገዛው ወገናችን ብዙ ጊዜ ዓመታት ሠርቶ ያጠራቀመውን ገንዘብ ሁሉ በአንድ ቀን የሚያፈስስ ነው፤ ቤዝመንቱንም ለኪራይ ወይም ከአገር ቤት ለመጡ ወላጆቹና ዘመዶቹ ማደሪያ ያደርገዋል፤ ራዶን የሚበዛውም በዚሁ ከምድር በሚጠጋው ክፍል ነው። ሕጉ ይህን ወገናችንን ሳይጠይቅ ጠበቀው። በቨርጂኒያ፣ በጆርጂያ ወይም በብዙ ሌላ ግዛት ያለውን ግን እንደዚህ ያለ ሕግ አይጠብቀውም፤ ቤት ፈላጊ በበዛበትና ገዢዎች በሚሽቀዳደሙበት ወቅትም፣ ሻጭን ለማስደሰት ሲባል ምርመራን ሁሉ መተው ልማድ ይሆናል።

ይህ ረጅም ታሪክ የሚያስረዳን ነገር አንድ ነው። አግሪኮላ አየር ማስገባትን ጻፈ፤ ሐኪሞቹ ደዌውን ለዩ፤ ዶርን ጋዙን አገኘ፤ ቤል ገዳዩን አመለከተ፤ ነገር ግን ዕውቀቱ ተሰብስቦ በመጽሐፍ ሲቀመጥ፣ ሰው መሞቱን አላቋረጠም። ዕውቀት ሰውን ያዳነው፣ ሥርዐት ሆኖ ሰው ሊወስን በሚገደድበት ሰዓት ከፊቱ ሲቀርብ ብቻ ነው። በኮሎራዶ ያ ሰዓት እጅግ ዘግይቶ መጣ፤ በቤት ሽያጭ ግን በየቀኑ ይመጣል፣ እንዳያልፍም የገዢው ጥያቄ ይበቃል። ስለዚህ ቤት የሚገዛ ወገን ሁሉ፣ ሕግ ቢያዝም ባያዝም፣ የራዶን ምርመራ በውሉ ውስጥ እንዲገባ ይጠይቅ፤ ከ4 ፒኮኩሪ በላይ ቢገኝ ቤቱን ጥሎ መሄድ ሳይሆን ጥገናው በማን ወጪ እንደሚደረግ አስቀድሞ ይስማማ፤ ከጥገናውም በኋላ እንደ ገና ያስለካ፣ በየሁለት ዓመቱም ይድገመው። ከዓመታት በፊት ቤት ገዝቶ ሳያስመረምር የሚኖረውም ቢሆን፣ ቤቱን እስኪሸጥ አይጠብቅ፤ ሌላ ገዢ ነገ የሚጠይቀውን ጥያቄ ዛሬ ራሱ ለልጆቹና ለወላጆቹ ሲል ሊጠይቀው ይገባል።